ከዳቦ ሰልፍ እስከ ምክር ቤቱ ሰገነት፦ ሴቶች በፈረንሳይ አብዮት

በፈረንሳይ አብዮት ዋዜማ ፓሪስ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ነበረች፤ የአብዛኛው ነዋሪ ዋና ምግብም ዳቦ ነበር። በ1788 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰብሉ በድርቅና በበረዶ ተመታ። ሁለት ኪሎ ግራም የሚጠጋው የቤተሰብ ዳቦ በደጉ ጊዜ በ8 ወይም በ9 ሱ ይሸጥ ነበር፤ በ1789 መጀመሪያ ግን 14 ሱ ተኩል ገባ። የአንድ ወንድ የቀን ሠራተኛ ገቢ በዚያን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሱ ነበር። ልብስ አጣቢዋ፣ ጥልፍ ጠላፊዋና ስፌት ሠሪዋ ደግሞ የዚያን ግማሽ ካገኘች ቀናት ማለት ነው። ባል በሌለበት ቤት፣ ፓሪስ ውስጥም እንዲህ ያለው ቤት ብዙ ነበር፣ አንድ ዳቦ ከተገዛ በኋላ ለኪራይም ለማገዶም የሚተርፍ ነገር አልነበረም።

ዳቦ መግዛት የሴቶች ሥራ ስለ ነበር ገና ሳይነጋ ዳቦ ቤት ደጃፍ ተሰልፈው የሚጠብቁትም እነርሱ ነበሩ። ከቬርሳይ ቤተ መንግሥት የወጣው ወሬ፣ እህል ደብቋል የተባለው ነጋዴ ስም፣ በየአደባባዩ የተለጠፈው አዋጅ ሁሉ ሰልፉ ላይ ይነገራል፣ ይመረመራል። በኋላ ዘመን የጻፉ ብዙ የታሪክ ሰዎች ወንዶቹ ለመብት፣ ሴቶቹ ለሆዳቸው ተነሡ ብለው አብዮቱን ለሁለት ይከፍሉታል። ይህ ክፍፍል የዘመኑን ሰው አስተሳሰብ አያሳይም። በድሮዋ ፈረንሳይ እምነት ሕዝቡ ዳቦ እንዳያጣ ማድረግ የንጉሡ ግዴታ ነበር፤ ስለዚህ ዳቦ ጠፋ ማለት ንጉሡ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። የፓሪስ ገበያ ሴቶች ደግሞ ወራሽ ሲወለድ ቤተ መንግሥት ገብተው እንኳን ደስ ያለዎት የማለት የቆየ ልማድ ስለ ነበራቸው የቬርሳይ መንገድ እንግዳ አልሆነባቸውም።

በወረቀት ላይ ግን ሴቶች ከፖለቲካው ውጪ ነበሩ። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በ1789 የካህናቱን፣ የመኳንንቱንና የተራውን ሕዝብ ተወካዮች ሲጠራ፣ በራሳቸው ስም ርስት የያዙ ጥቂት ወይዛዝርትና የመነኮሳይያት ገዳማት ብቻ በወኪል እንዲመርጡ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ጃኑዋሪ 1 ቀን በተራው መደብ ሴቶች ስም ለንጉሡ የቀረበ አንድ አቤቱታ ይታወቃል። ጠያቂዎቹ የምክር ቤት ወንበር አልጠየቁም። የጠየቁት ትምህርት ነው፤ የመርፌና የጥልፍ ሥራ ወንዶች እንዳይሻሟቸው፣ ሴት ልጅ በእጇ ሠርታ እንድትበላና ገላዋን ለመሸጥ እንዳትገደድ።

ኦክቶበር 5 ቀን 1789 ሰኞ ነበር። ከጥቂት ቀናት በፊት የንጉሡ ክብር ዘበኞች ለአዲስ መጤ ጦር ቬርሳይ ላይ ግብዣ አድርገው ነበር፤ በግብዣው ላይ ኮካርድ የሚባለው ባለ ሦስት ቀለም የአብዮቱ ምልክት ተረገጠ የሚል ወሬ ከተማውን አዳረሰ። ዳቦ ጠፍቶ ሳለ የቤተ መንግሥት ድግስ መሰማቱ ራሱ በቂ ቁጣ ነበር። ጠዋት ላይ በምሥራቁ የፎቡር ሳንታንትዋን ሰፈርና በትልቁ የሌ አል ገበያ ሴቶች ተሰበሰቡ፤ ደወል ተደወለ፣ ከበሮ ተመታ። ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ገብተው መሣሪያ ያዙ፣ መድፍም ጎተቱ። ያገኙትን ወረቀት ሁሉ ለማቃጠል ያሰቡም ነበሩ፤ ወንዶቹ ጽሕፈት እንጂ ሌላ አልሠሩልንም ብለው። በባስቲል እስር ቤት ወረራ ስሙ የተነሣው ማያር የተባለ ሰው ከፊት ሆኖ እንዲመራቸው ተስማሙና ከ6,000 እስከ 7,000 የሚገመቱ ሴቶች በዝናብ ጭቃ እያቦኩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ።

ቬርሳይ የደረሱት አመሻሹ ላይ፣ ርሰው፣ ርቧቸው ነው። በቅድሚያ የገቡት ንጉሡ ከጠራቸው ተወካዮች የተመሠረተው ብሔራዊ ጉባኤ አዳራሽ ነበር። እርጥብ ልብሳቸውን እንደለበሱ በተወካዮቹ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ተናጋሪውን እያቋረጡ የዳቦ ዋጋ ይቀነስ አሉ። የጉባኤው ሊቀመንበር ሙኒዬ ጥቂት ሴቶችን ይዞ ወደ ንጉሡ ሄደ። ከነርሱ አንዷ የ17 ዓመቷ ሠራተኛ ሉዊዞን ሻብሪ ነበረች፤ ንጉሡ ፊት ስትቆም ዳቦ የሚለውን ቃል ብቻ ተናግራ ራሷን ሳተች። ንጉሡ አስነሥቶ በመልካም ቃል ሸኛት። ደጅ የሚጠብቁት ሴቶች ግን በቃል ተስፋ አልረኩም፤ ልጅቱ ተደልላለች ብለው ሊሰቅሏት ምንም አልቀራቸውም፤ ትእዛዙ በንጉሡ እጅ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ አልተላቀቋትም። ሙኒዬ ማታ ወደ አዳራሹ ሲመለስ በሊቀመንበሩ ወንበር ላይ አንዲት የገበያ ሴት ተቀምጣ አገኘ።

በዚያው ምሽት ንጉሡ ለሳምንታት ሲያንገራግርባቸው የቆየውን የሰውና የዜጋ መብቶች መግለጫና የባላባት ሥርዓቱን የሻሩትን የኦገስት ውሳኔዎች ተቀበለ። ዳቦና መብት በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰልፍ መጡ። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ የብሔራዊ ዘቡ አዛዥ ላፋዬት ዘቡን አስከትሎ ደረሰ። ንጋት ላይ ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን ጥሶ ገባ፤ ሁለት የክብር ዘበኞች ተገደሉ፤ ንግሥት ማሪ አንቷኔት በጓዳ በር ወደ ንጉሡ ክፍል አመለጠች። እኩለ ቀን ላይ የንጉሡ ቤተሰብ በዱቄት ጋሪዎችና በሕዝብ ታጅቦ ወደ ፓሪስ ጉዞ ጀመረ። ሴቶቹም ንጉሡን፣ ንግሥቲቱንና ልጃቸውን ዳቦ ጋጋሪ፣ የጋጋሪ ሚስትና የጋጋሪ ልጅ እያሉ ቀለዱባቸው። ሉዊ 16ኛ ከዚያ በኋላ ቬርሳይ ሊኖር አልተመለሰም፤ ጉባኤውም ተከትሎት ፓሪስ ገባ። ከዚህ ቀን ጀምሮ የአገሪቱ መንግሥት የፓሪስ ሕዝብ በእግሩ ሊደርስበት የሚችል ጎረቤት ሆነ። በኋላ የተቋቋመው የፍርድ ምርመራ 400 ያህል ምስክር ሰማ፤ በገንዘብ ያነሣሣቸው መኳንንት ማን እንደሆነ ሲፈለግም ብዙ ጊዜ ጠፋ። ሴቶች በራሳቸው አስበው ይህን ያደርጋሉ ብሎ ለማመን ዳኞቹ ተቸግረው ነበር።

ጉባኤው ሕገ መንግሥት ሲያረቅ ዜጎችን ንቁና ንቁ ያልሆኑ ብሎ ለሁለት ከፈላቸው። ንቁ የሚባለው ዕድሜው 25 የሞላ፣ የሦስት ቀን ደመወዝ ያህል ግብር የሚከፍል ወንድ ነው፤ የመምረጥ መብት ያለውም እርሱ ብቻ ነው። ድሃ ወንዶች ሀብት ሲያፈሩ ወደ ንቁዎቹ ሊሸጋገሩ ይችላሉ፤ ሴቶች ግን የቱንም ያህል ሀብት ቢኖራቸው ይህ መንገድ ዝግ ነበር። የሒሳብ ሊቁ ኮንዶርሴ በጁላይ 1790 ይህን በጽሑፍ ተቃወመ፤ መብት የሚመነጨው ከሰው የማሰብ ችሎታ ከሆነ፣ ያረግዛሉ ተብለው ሴቶች የሚገፉበት ምክንያት በየክረምቱ ሪህ የሚነሣበትን ወንድም ሊያስገፋ ይገባል የሚል ክርክር ነበረው። ኔዘርላንዳዊቷ ኤታ ፓልም በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ሕጎቹ ለወንዶች ያደሉ ናቸው ስትል ንግግር አደረገች።

ከሁሉ ይበልጥ የሚታወሰው ግን የኦሊምፕ ደ ጉዥ ጽሑፍ ነው። በ1748 በደቡቡ የሞንቶባን ከተማ የተወለደችው ይህች ሴት በአባት ስም የሥጋ ነጋዴ ልጅ ነበረች፤ ገና በወጣትነቷ ባሏ ሞተባት፤ ፓሪስ መጥታም ስሟን ቀይራ የተውኔት ደራሲ ሆነች። የባርነትን ክፋት የሚያሳይ ተውኔቷ በዲሴምበር 1789 በታላቁ የኮሜዲ ፍራንሴዝ መድረክ ታይቷል። በሴፕቴምበር 1791 የወንዶቹን መግለጫ አንቀጽ በአንቀጽ ተከትላ፣ እንደነርሱው በ17 አንቀጾች፣ የሴትና የሴት ዜጋ መብቶች መግለጫ አወጣች። በ10ኛው አንቀጽ ያነሣችው ሐሳብ ሕጉን በራሱ ሚዛን የሚመዝን ነው፦ ሴት በሞት ልትቀጣ የምትችል ከሆነ በአደባባይ ልትናገርም መብት አላት። መግለጫውን ለንግሥቲቱ ማበርከቷ ግን በአብዮተኞቹ ዘንድ አልተወደደላትም። ደ ጉዥ ለንጉሣዊ ሥርዓት ርኅራኄ የነበራት፣ ለሴቶች ግን ደፍራ የተናገረች ሰው ናት፤ ይህን ሁለቱን ጎኗን ሳይቆርጡ የሚጽፉ ጥቂቶች ናቸው።

በዚህ መካከል በፓሪስ ብቻ ሳይሆን እንደ ዲዦን፣ ሊዮንና ቦርዶ ባሉ ከተሞች ከ50 የማያንሱ የሴቶች ማኅበራት ተቋቁመው ነበር። ጋዜጣ በጋራ ያነባሉ፣ ለድሆች ያዋጣሉ፣ ከውጭ ኃይሎች ጋር ጦርነት ሲጀመር ለወታደሩ ሸሚዝ ይሰፋሉ። ፓሪስ ውስጥ ቸኮሌት ሠሪዋ ፖሊን ሌዮን በማርች 1792 ከ300 በላይ ሴቶች የፈረሙበትን አቤቱታ ለጉባኤው አነበበች፤ ሴቶች መሣሪያ ታጥቀው በበዓል ቀናት እንዲሠለጥኑ የሚጠይቅ ነበር። ጉባኤው አጨብጭቦ ዝም አለ። በግንባርም ጥቂት ሴቶች ነበሩ፤ የፌርኒግ እኅትማማቾች በጄማፕ ውጊያ ከጄኔራል ዱሙሪዬ ጦር ጋር ተሰልፈዋል። በኤፕሪል 1793 የወጣ አዋጅ ግን ከልብስ አጣቢዎችና ከስንቅ ሻጮች በቀር ሴቶችን ከጦሩ አስወጣ።

ሕጉ ሴቶችን ከምርጫ ቢያስቀራቸውም በቤት ውስጥ የሰጣቸው ነገር ቀላል አልነበረም። በ1791 ያለ ኑዛዜ የሚወረስ ንብረት ለወንድና ለሴት ልጅ እኩል እንዲከፈል ተደረገ። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1792 ጋብቻ የመንግሥት ውል ሆነና ፍቺ ተፈቀደ፤ ሁለቱ ከተስማሙ፣ ወይም አንደኛቸው ጠባያችን አልገጠመም ካለ፣ ወይም ድብደባና መክዳት ከተረጋገጠ። በአንድ ወገን ጥያቄ ከተፈጸሙት ፍቺዎች አብዛኛውን ያቀረቡት ሴቶች ናቸው። ከዓመታት በፊት ባሏ ጥሏት ለሄደባት አንዲት ልብስ ሰፊ ይህ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ሁሉ የላቀ ለውጥ ነበር።

ንጉሡ ተሽሮ አገሪቱ ሪፐብሊክ ከሆነች በኋላ፣ 1793 የዳቦው ጉዳይ ከሳሙናና ከስኳር ጋር ተደምሮ የመጣበት ዓመት ነው። በፌብሩዋሪ የሳሙና ዋጋ ስለ ናረ ልብስ አጣቢዎች ጉባኤውን ለተካው ምክር ቤት አቤት አሉ፤ ሌላ ቀን ኑ ሲባሉ በማግስቱ ሴቶች በየሱቁ ገብተው ትክክል ነው ባሉት ዋጋ ሳሙናና ስኳር ወሰዱ። በሜይ ወር ፖሊን ሌዮንና የመድረክ ተዋናይቱ ክሌር ላኮምብ የአብዮታዊ ሪፐብሊካን ሴቶች ማኅበርን አቋቋሙ። አባላቱ ከ200 አይበልጡም ነበር፤ ድምፃቸው ግን ሰፊ ነበር። በምክር ቤቱ ደጃፍ ቆመው መለስተኛ የሚሉትን የጂሮንዲን ወገን ደጋፊዎች ከተመልካቾች ሰገነት ያባርሩ ነበር። ቴርዋኝ ደ ሜሪኩር የተባለች፣ ሴቶች እንዲታጠቁ ከአንድ ዓመት በፊት የቀሰቀሰች አብዮተኛም ከጂሮንዲኖቹ ጋር ቆማለች ተብላ በሌሎች ሴቶች በአደባባይ ተገርፋለች፤ በኋላም አእምሮዋ ታውኮ በ1817 በሆስፒታል ሞተች። ጂሮንዲኖቹ በጁን 2 ሲወድቁ ማኅበሩ በአሸናፊው ወገን ነበር።

አሸናፊዎቹ፣ ዣኮቢን የሚባሉት ጽንፈኛ አብዮተኞች፣ ግን ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ። ማኅበሩ የዋጋ ቁጥጥሩ ይጥበቅ፣ ከዳተኞች ይታሰሩ እያለ መወትወቱን አልተወም፤ ለሥልጣን ወንበር የደረሰ ሰው ደግሞ ትናንት የተሸከመውን ሰልፍ ዛሬ አይወድም። መጥፊያቸው የሆነው ግን ኮካርዱ ነው። በሴፕቴምበር ሴቶች ሁሉ ባለ ሦስት ቀለሙን ምልክት እንዲያደርጉ ታወጀ። የገበያ ሴቶቹ ይህን ጠሉ፤ ነገ ቀይ ቆብና ሱሪ አድርጉ፣ ከነገ ወዲያ ታጠቁ ልንባል ነው ብለው ሰጉ። መንግሥት በሸቀጥ ላይ ያወጣው የዋጋ ጣሪያም ትርፋቸውን ቆርጦት ነበርና ጣሪያውን የሚደግፉትን ሴቶች እንደ ጠላት አዩአቸው። ኦክቶበር 28 የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ገብተው አባላቱን ደበደቡ። እዚህ ላይ ሴቶች የሚባል አንድ ወገን እንዳልነበረ ግልጽ ይሆናል፤ ዳቦ የምትሸጠውና ዳቦ የምትገዛው የተለያየ ነገር ይፈልጉ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ አማር የተባለ ተወካይ በጠቅላላ ጸጥታ ኮሚቴ ስም ለምክር ቤቱ ሪፖርት አቀረበ። ጉዳዩን ከገበያ ጠብ አንሥቶ ወደ ተፈጥሮ ወሰደው፦ ሴቶች ለመንግሥት ሥራ የሚሆን የአካልና የአእምሮ ጽናት የላቸውም፣ ሥራቸው ልጅ ማሳደግ ነው፣ በስሜት ይነዳሉ አለ። ሻርሊዬ የተባለ አንድ ተወካይ ብቻ ሴቶችም የሰው ዘር ከሆኑ በሰላም የመሰብሰብ መብታቸውን በምን መርሕ ትነፍጓቸዋላችሁ ብሎ ጠየቀ። አጥጋቢ መልስ ሳያገኝ የሴቶች ማኅበራት በሙሉ ተከለከሉ። ሴቶቹ ተረስተው ሳይሆን ጉዳያቸው ተነሥቶ፣ ተከራክረውበት፣ ተወስኖ ነው የተገፉት። የሪፐብሊኩ ማኅተም በዚያን ጊዜ የነጻነት ቆብና ጦር የያዘች ሴት ምስል ነበር።

በዚያው የኦክቶበርና የኖቬምበር ሰሞን ጊሎቲኑ ሦስት የታወቁ ሴቶችን ወሰደ። ንግሥቲቱ ኦክቶበር 16 ተገደለች። ደ ጉዥ ሕዝቡ ከሦስት የመንግሥት ዓይነቶች አንዱን ይምረጥ የሚል ወረቀት አሳትማ ተይዛ ነበርና ኖቬምበር 3 ተራዋ ደረሰ። ከአምስት ቀን በኋላ የቀድሞው የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሚስት ማዳም ሮላን ተከተለች፤ የቅርጽ ሠራተኛ ልጅ፣ ቤቷ የጂሮንዲኖች መሰብሰቢያ የነበረ፣ ባሏ ለንጉሡ የላከውን ቁጡ ደብዳቤ በራሷ እጅ የጻፈች። አንድ ጋዜጣ ሦስቱን በአንድነት አንሥቶ ለሌሎች ሴቶች ማስጠንቀቂያ አደረጋቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ በጁላይ የካኗ ወጣት ሻርሎት ኮርዴ ጋዜጠኛውን ማራን በመታጠቢያው ውስጥ በቢላዋ ገድላ በአራተኛው ቀን ተገድላለች።

ከፓሪስ ወጣ ሲባል ሌላ ዓይነት ተቃውሞ ይገኛል። በገጠር አብዮቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዘጋ፣ ካህናቱን ለመንግሥት አስምሎ እምቢ ያሉትን ሲያሳድድ፣ በሩን የያዙት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ያልማለውን ቄስ በጎተራ ይደብቃሉ፣ ደወሉን ይሸሽጋሉ፣ ልጆቻቸውን በሌሊት ያስጠምቃሉ። በጁላይ 1794 ከኮምፒየኝ የመጡ 16 የቀርሜሎስ መነኮሳይያት በፓሪስ በአንድ ቀን ተገደሉ። እነዚህ ሴቶች በአብዮተኞቹ መጻሕፍት ውስጥ መሃይም ተብለው ይታለፋሉ፤ ነገር ግን ለመንግሥት እምቢ ማለት ፖለቲካ ካልሆነ ምን ፖለቲካ ሊባል እንደሚችል ግልጽ አይደለም። በ1795 ብዙ አብያተ ክርስቲያናት እንደገና የተከፈቱት ከነርሱ ግፊት የተነሣ ጭምር ነው።

የዣኮቢኖቹ መሪ ሮብስፒየር ከወደቀ በኋላ የዋጋ ጣሪያው በዲሴምበር 1794 ተሻረ፤ ያ ብርዳም ወቅት ከመራራዎቹ አንዱ ነበርና ዳቦ በራሽን ሆነ፣ ራሽኑም አነሰ። ፕሬሪያል 1 ቀን፣ ማለትም ሜይ 20 ቀን 1795፣ ሴቶች ከበሮ እየመቱ ተነሡ። (ፕሬሪያል የአብዮቱ ወር ነው፤ ያ አቆጣጠር 12ቱን ወራት 30 30 ቀን አድርጎ ትርፉን አምስት ወይም ስድስት ቀን በዓመቱ መጨረሻ እንደ ጳጉሜን ያስቀምጥ ነበር።) ጥያቄያቸው ሁለት ነበር፦ ዳቦ፣ እና ሥራ ላይ ያልዋለው የ1793 ሕገ መንግሥት። ከየሱቁና ከየዕደ ጥበብ ቤቱ ሌሎችን እየጠሩ ምክር ቤቱ አዳራሽ ገቡ፤ ወንዶች ተከተሏቸው፤ ፌሮ የተባለ ተወካይ ተገድሎ ራሱ በጦር ጫፍ ለሊቀመንበሩ ታየ። በቀጣዮቹ ቀናት ጦሩ ፎቡር ሳንታንትዋንን ከቦ አስገበረ። ምክር ቤቱ ሴቶችን ከሰገነቱ ከለከለ፤ ሜይ 23 ደግሞ ሁሉም ወደየቤታቸው እንዲገቡ፣ ከአምስት በላይ ሆነው መንገድ ላይ የተገኙ በኃይል እንዲበተኑ አዘዘ። በ1789 ለንጉሥ ያልተቻለውን ሰልፍ አብዮቱ ራሱ በስድስት ዓመቱ አፈረሰው።

የቤቱ መብትም ብዙ አልቆየም። በማርች 1804 የወጣው የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ እኩል ውርስን ሲጠብቅ፣ ሚስት ለባሏ እንድትታዘዝ አዘዘ፤ ያለ ባሏ ፈቃድ ንብረት መሸጥም መክሰስም አትችልም ነበር። በ1816 ፍቺ ጨርሶ ተሻረና እስከ 1884 አልተመለሰም። ፓሪስ ውስጥ ሱሪ መልበስ የፈለገች ሴት ከፖሊስ ፈቃድ እንድታወጣ የሚያዘው የ1800 ትእዛዝ ደግሞ ማንም ባይሠራበትም ዋጋ የለውም ተብሎ በይፋ የተገለጸው በ2013 ነው። የፈረንሳይ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በኤፕሪል 1944 በወጣ ድንጋጌ ሲሆን፣ ድምፃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጡት ኤፕሪል 29 ቀን 1945 በተደረገው የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ነበር።